ምዕራፍ ሰባት፦ ተዘጋ እንጂ አልጠፋም

የጉበት ህዋስ ሐሞት ያመነጫል፣ ስኳር ያከማቻል፣ የጠጣነውን አልኮልም ሆነ የዋጥነውን መድኃኒት ሰባብሮ ያስወግዳል። በዓይናችን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ህዋስ ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም፤ የእሱ ሥራ ብርሃን ሲነካው ምልክት ማስተላለፍ ነው። በቅርጽም በሥራም የማይገናኙት እነዚህ ሁለቱ የአንድ ሰው ህዋሳት እስከሆኑ ድረስ የያዙት ዲኤንኤ ግን አንድ ነው። ከእናት 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል፣ ከአባትም ያንኑ ያህል፤ በውስጡም ፕሮቲን የሚያሠሩ 20 ሺህ ገደማ ጂኖች። የጉበቱ ህዋስ ብርሃን ለመቀበል የሚያስፈልጉትን ጂኖች በሙሉ ይዟቸዋል፤ አይሠራባቸውም እንጂ።

ታዲያ ያልተሠራበት ጂን ምን ይሆናል? ሁለት መልስ ሊኖር ይችላል። አንደኛው ጠፍቷል የሚለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጀርመናዊው አውጉስት ቫይስማን ያስተማሩት ይህንን ነበር። ጽንሱ ሲያድግ ህዋሳቱ እየተከፋፈሉ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱም ለሥራው የሚበቃውን የውርስ ድርሻ ብቻ ይዞ ይቀራል አሉ። ሁለተኛው መልስ ጂኑ እዚያው አለ፣ ነገር ግን ተዘግቷል የሚል ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰለን። ጠፍቶ ከሆነ ነገሩ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ነው፤ ቆዳ ቆዳ ሆኖ ይኖራል፣ ቆዳ ሆኖ ይሞታል። ተዘግቶ ከሆነ ግን የሚከፍተው ይገኝ እንጂ ከቆዳ የልብ ጡንቻ፣ ከደም የነርቭ ህዋስ ማግኘት ይቻላል።

ሳይንስ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። መልሱ በመጨረሻ ቁልጭ ብሎ የታየው ጃፓን ውስጥ፣ ቀዶ ሕክምና አልሆንልህ ባላቸው አንድ ሐኪም ቤተ ሙከራ ነው። መልሱ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ነገር አብሮ ተገለጠ፤ ጂኖቹ የተዘጉት በከንቱ አልነበረም።

እንቁራሪቷ የሰጠችው ምስክርነት

በ1952 (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት ብሪግስና ቶማስ ኪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ድፍረት የተሞላበት ሙከራ አደረጉ። ከእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ዲኤንኤው የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ኒውክለሱን፣ አወጡና በምትኩ ከሌላ ህዋስ የወሰዱትን ኒውክለስ አስገቡ። የሙከራው ሐሳብ ግልጽ ነው። የገባው ኒውክለስ ሁሉንም ጂኖች ይዞ ከሆነ እንቁላሉ ሙሉ እንስሳ ይሆናል፤ የጎደለው ነገር ካለ ግን ጽንሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ህዋሳቱ ገና ሥራ ካልተከፋፈሉበት ለጋ ጽንስ የወሰዱት ኒውክለስ ተሳካላቸው። ከገፋ ጽንስ የወሰዱት ግን በአብዛኛው ከሸፈ። ብዙዎችም ህዋስ ሲያድግ አንድ ነገር ያጣል ማለት ነው ብለው ደመደሙ።

ይህን ድምዳሜ የተገዳደሩት ጆን ገርደን ናቸው። ገርደን በታዳጊነታቸው በኢተን ትምህርት ቤት በባዮሎጂ ከ250 ተማሪዎች መጨረሻ ወጥተው ነበር። ሳይንቲስት እሆናለሁ ማለታቸውን መምህራቸው የማይመስል ነገር ነው ብለው የጻፉበትን የውጤት ወረቀት ዘመናቸውን ሁሉ በፍሬም አድርገው ሰቅለውት ኖረዋል። እኒህ ሰው በኦክስፎርድ መነሻዋ ደቡባዊ አፍሪካ የሆነችውን ባለጥፍር እንቁራሪት ይዘው ተቀመጡ። የእንቁላሏን ኒውክለስ በአልትራቫዮሌት ጨረር አጠፉ፤ በምትኩ መዋኘትና መመገብ ከጀመረ የእንቁራሪት እጭ አንጀት የወሰዱትን ኒውክለስ አስገቡ። የአንጀት ሽፋን ህዋስ ሥራውን የያዘ፣ ምግብ መምጠጥ የጀመረ ህዋስ ነው። በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት ከእነዚህ ኒውክለሶች ጥቂቶቹ፣ ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞሉት፣ ሙሉ እጭ ሆነው ዋኙ።

ቁጥሩ ማነሱ ለተቺዎች በር ከፈተ። ምናልባት እነዚያ ጥቂቶቹ በአንጀቱ ውስጥ ሥራ ሳይዙ የቀሩ ህዋሳት ቢሆኑስ? ደግሞስ በእንቁራሪት የሆነው በአጥቢ እንስሳ ይሆናልን? ሁለተኛው ጥያቄ የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በስኮትላንድ በሮዝሊን ተቋም እነ ኢያን ዊልመት ከስድስት ዓመት በግ ጡት በተወሰደ ህዋስ 277 እንቁላሎችን ሞክረው በሐምሌ 1996 አንዲት በግ አስወለዱ። ዶሊ ማለት እሷ ናት። የጡት ህዋስ ሙሉ በግ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ኖሯል።

ስለዚህ ጂኖቹ አልጠፉም። እንቁላሉ ውስጥ ያለ አንድ ነገር የተዘጋውን ይከፍታል። ምንድን ነው? እንቁላል በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች የታጨቁበት ስለሆነ የትኛው እንደሆነ የሚለይ አልተገኘም።

ክሩ እና ቀሰሙ

ወደ ጃፓን ከመሻገራችን በፊት ጂን ተዘጋ ሲባል በአካል ምን እንደሚፈጠር እንይ።

በአንድ ህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚቀመጥበት ኒውክለስ ግን ስፋቱ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እምብዛም አይበልጥም። ሸማኔ ድውሩን በቀሰም እንደሚያጠነጥን ህዋስም ዲኤንኤውን ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጥመዋል። ስምንት ሂስቶኖች ተሰባስበው አንድ ቀሰም ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ 147 ፊደል ይጠመጠማል፤ ከዚያ አጭር ክር፣ ከዚያ ሌላ ቀሰም፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቀሰሞቹ ራቅ ራቅ ካሉ ጂን የሚያነብቡት ፕሮቲኖች ወደ ክሩ ይደርሳሉ። ተጠጋግተው ከታጨቁ ግን መግቢያ የለም። እዚያ ያለው ጂን ከፊደሉ አንድም ሳይጎድል እንደሌለ ይቆጠራል።

ማጥበቁና ማላላቱ በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም። ሂስቶኖች ወጣ ያለ ጭራ አላቸው፤ በዚያ ጭራ ላይ ኢንዛይሞች ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶችን ይለጥፋሉ፣ ይነቅላሉም። አሴቲል ሲለጠፍ ክሩ ይላላል። ሜቲል ግን ትርጉሙ እንደ ቦታው ነው። ኤች3 በተባለው ሂስቶን ላይ በ4ኛው ቦታ ሦስት ሜቲል ካረፈ ብዙውን ጊዜ ጂኑ ሊሠራ ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ እነዚያው ሦስቱ በ27ኛው ቦታ ካረፉ ተዘግቷል ማለት ነው። ሌላው ምልክት በራሱ በዲኤንኤው ላይ የሚያርፍ ሜቲል ሲሆን የሚቀመጠው በአብዛኛው «ጂ» በምትከተላት «ሲ» ፊደል ላይ ነው። በጂኑ መነሻ አካባቢ ያሉት እንዲህ ያሉ ፊደሎች በሜቲል ከተሞሉ ጂኑ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ለዕድሜ ልክ ይዘጋል።

ከሁሉ የሚገርመው ምልክቱ የሚወረስ መሆኑ ነው። ህዋስ ሊከፈል ሲል ሁለቱ የዲኤንኤ ዘርፎች ይላቀቁና ለእያንዳንዳቸው አዲስ ጥንድ ይሠራላቸዋል። አዲሱ ዘርፍ ሲሠራ ሜቲል የለበትም። ያኔ ዲኤንኤምቲ1 የተባለ ኢንዛይም ይደርስና በአሮጌው ዘርፍ ላይ ምልክት ያለበትን እያየ በአዲሱም ላይ በትይዩው ይለጥፋል። የጉበት ህዋስ ሲከፈል ሁለት የጉበት ህዋስ የሚወጣው፣ አንድ ጉበትና አንድ ጥፍር የማይሆነው በዚህና ይህን በመሳሰሉ ጥንቃቄዎች ነው።

ፊደሉን ሳይነካ የትኛው ይነበብ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው ይህ ሥርዓት ኢፒጄኔቲክስ በተባለው የጥናት ዘርፍ ይመረመራል። ስሙን በ1942 ያወጡት ብሪታንያዊው ኮንራድ ዋዲንግተን ናቸው። ዋዲንግተን በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ የህዋስን ዕድገት ከኮረብታ አናት ተነሥታ ወደ አንዱ ሸለቆ በምትንከባለል ኳስ መስለው ሣሉት። በሥዕሉ ላይ ኳሷ ተመልሳ የምትወጣበት መንገድ የለም።

አይጥ የሚጠብቅ ሐኪም

ሺንያ ያማናካ የተወለዱት ገርደን ያንን የእንቁራሪት ጽሑፍ ባሳተሙበት በ1962 ኦሳካ አጠገብ ነው። አባታቸው የልብስ ስፌት መኪና ዕቃ የሚያመርት ትንሽ ፋብሪካ ነበራቸው። ልጁ በጁዶና በራግቢ አጥንቱ ደጋግሞ እየተሰበረ ሐኪም ቤት ሲመላለስ የአጥንት ሐኪም ለመሆን ቆረጠ። በኮቤ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1987 ተመረቁ።

ቀዶ ጥገናው ግን እጃቸው አልገባም። ሌላው ሐኪም በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው ቀላል ቀዶ ሕክምና እርሳቸውን ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር። አለቆቻቸው ስማቸውን አጣመው «ጃማናካ»፣ እንቅፋቱ እንደማለት፣ ይሏቸው ጀመር። በዚያው ሰሞን አባታቸው በጉበት በሽታ ሞቱ። እጁ የሠለጠነ ሐኪም እንኳ የማያድነው በሽታ መኖሩን ያዩት ወጣት ሐኪም ፊታቸውን ወደ ምርምር አዞሩ።

በ1993 ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው ግላድስተን ተቋም ሄዱ። የተሰጣቸው ሥራ ከኮሌስትሮል ጋር የተያያዘ ነበር፤ አንድ ጂን በአይጥ ጉበት ውስጥ አብዝቶ እንዲሠራ ማድረግ። አይጦቹ የጉበት ዕጢ አወጡ። ያማናካ ምክንያቱን ሲከታተሉ ናት1 የተባለ ሌላ ጂን አገኙ። ይህን ጂን ከአይጥ ሲያስወግዱ ጽንሱ አላድግ አለ። ጂኑ የሌላቸው የጽንስ ግንደ ህዋሳትም ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ ተሳናቸው። በኮሌስትሮል የተጀመረው ሥራ በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ሰውየውን ከግንደ ህዋስ ጋር አስተዋወቀ።

የጽንስ ግንደ ህዋስ የሚገኘው ገና ወደ ማሕፀን ግድግዳ ካልተጣበቀ የጥቂት ቀን ጽንስ ነው። በሙከራ ሳህን ላይ ያለ መጨረሻ ሊራባ ይችላል፤ ምቹ ሁኔታ ካገኘም ማናቸውንም የሰውነት ህዋስ ይሆናል። ሊቃውንቱ ፕሉሪፖተንት የሚሉት ይህን ሁሉን የመሆን አቅም ነው። ከአይጥ ጽንስ የተገኘው በ1981 ሲሆን ከሰው ጽንስ ያገኙት ደግሞ በ1998 ጄምስ ቶምሰን ናቸው። ከሰው የሚገኘው ጽንሱን የሚያጠፋ ስለነበር ከባድ የሥነ ምግባር ክርክር አስነሣ፤ በ2001 የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ምርምር የሚሰጠውን ገንዘብ በእጅጉ ገደበ። ያማናካ ራሳቸው በአንድ ወዳጃቸው ክሊኒክ ጽንስ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ በእርሱና በሴት ልጆቻቸው መካከል ያለው ልዩነት ምንኛ ትንሽ እንደሆነ ተሰማቸው፤ ሌላ መንገድ መኖር አለበት ያሰኛቸው ይህ እንደነበር ተናግረዋል።

ወደ ጃፓን ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ብዙ ገንዘብና ብዙ ረዳት አልነበረም። ጊዜያቸው የሚያልቀው የአይጥ ቤት በማጽዳትና ውኃ በመቀየር ነበር። ምርምሩን ትተው ወደ ቀዶ ሕክምናው ሊመለሱ እንደነበርም ይናገራሉ። ያቆማቸው በ1999 በናራ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ያገኙት የራሳቸው ቤተ ሙከራ ነው።

ጥቂት ተማሪዎች ያሉት አዲስ ቤተ ሙከራ ከትልልቆቹ ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም። ዓለም ሁሉ የጽንስ ግንደ ህዋስን ወደ ልብ፣ ወደ ነርቭ፣ ወደ ቆሽት ለመለወጥ ይሽቀዳደማል። ያማናካ ተቃራኒውን መረጡ፤ ሥራ የያዘውን ህዋስ ወደ ግንደ ህዋስነት መመለስ። የሚያደፋፍሩ ሁለት ማስረጃዎች ነበሩ። በ1987 እነ ሃሮልድ ዋይንትራውብ ማዮዲ የተባለውን አንድ ጂን ብቻ አስገብተው የተያያዥ ሕብረ ህዋስን ወደ ጡንቻ ለውጠው ነበር። በ2001 ደግሞ የኪዮቶው ታካሺ ታዳ የአይጥ ጽንስ ግንደ ህዋስን ከሌላ ህዋስ ጋር ሲያዋሕዱት ሌላው ህዋስ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ። እንግዲህ የሚከፍተው ነገር በእንቁላል ብቻ ሳይሆን በግንደ ህዋሱም ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሃያ አራቱ

ያማናካና ተማሪዎቻቸው በግንደ ህዋስ ውስጥ በብዛት የሚሠሩ ጂኖችን እየለቀሙ 24 ዕጩዎች ለዩ። ሙከራው በካዙቶሺ ታካሃሺ እጅ ወደቀ፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን በምሕንድስና የሠራ ተማሪ ነበር።

ብልኀቱ የሚገኘው ህዋሳቱ በተወሰዱባት አይጥ አሠራር ላይ ነው። ኤፍቢኤክስ15 የተባለ ጂን አለ፤ በግንደ ህዋስ ውስጥ ይከፈታል፣ በቆዳና በተያያዥ ሕብረ ህዋስ ውስጥ ግን ዝግ ነው። ተመራማሪዎቹ በዚህ ጂን ቦታ ላይ ጂ418 የተባለውን መርዘኛ መድኃኒት የሚያከሽፍ ጂን ተከሉ። ከዚህች አይጥ የተወሰደ ህዋስ መድኃኒቱ ሲፈስበት ይሞታል። የሚተርፈው ኤፍቢኤክስ15 የተከፈተለት፣ ማለትም ወደ ግንደ ህዋስነት መንገድ የጀመረ ብቻ ነው። የተዘጋው ጂን መከፈቱን ህዋሱ በሕይወቱ እንዲመሰክር አደረጉት።

ታካሃሺ ዕጩ ጂኖቹን በቫይረስ ጭኖ አንድ በአንድ አስገባ። መድኃኒቱ ፈሰሰ፤ የተረፈ የለም። ቀጥሎ ሃያ አራቱንም በአንድ ላይ አስገባ። ቀጫጭንና ረዣዥም ሆነው ሳህኑን ያለበሱት ህዋሳት በመድኃኒቱ እየተላቀቁ ተንሳፈፉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ግን በባዶው ሳህን ላይ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ታየ፤ 22 መንጋዎች። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ህዋሶቻቸው ትንንሽ፣ ክብ፣ ኒውክለሳቸው ሰፊ፣ እርስ በርሳቸው ጥቅጥቅ ብለው የተሰበሰቡ ነበሩ። ግንደ ህዋስን ያየ ሰው አይስተውም።

ከሃያ አራቱ ሠሪዎቹ የትኞቹ ናቸው? ሃያ አራት ጂን በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት እያጣመሩ መሞከር ዕድሜ ይፈጃል። ታካሃሺ ያቀረበው ሐሳብ ግን ሥራውን በወራት የሚያልቅ አደረገው፤ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ አንዱን ጂን አስቀርቶ ሃያ ሦስቱን ማስገባት። የቀረው ጂን የማያስፈልግ ከሆነ መንጋው ይወጣል፤ የሚያስፈልግ ከሆነ አይወጣም። በዚህ ማጣሪያ አሥር ቀሩ። በአሥሩ ላይ ያንኑ ሲደግሙት አራት ቀሩ፦ ኦክት3/4 (ኦክት4ም ይባላል)፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ሚክ። ይህ ቤተ ሙከራ ራሱ በ2003 ያገኘውና ብዙ ተስፋ የተጣለበት ናኖግ የተባለው ጂን ከአራቱ አልገባም።

ጊዜው አስቸጋሪ ነበር። በጥር 2006 የደቡብ ኮሪያው ሁዋንግ ዉ-ሱክ ስለ ሰው ግንደ ህዋስ ያሳተሟቸው ጽሑፎች በሐሰተኛነት ተሰርዘዋል። ከእስያ የሚመጣ ተአምር የሚያምን በጠፋበት ሰሞን በአራት ጂን ቆዳን ወደ ጽንስነት መለስሁ ማለት መሳቂያ ሊያደርግ ይችላል። ያማናካ ሙከራውን ደጋግመው ሳያስፈትሹ አልቀረቡም። ጽሑፉ በነሐሴ 2006 ሴል በተባለው መጽሔት ወጣ። አዲሱ ህዋስ አይፒኤስ ተባለ። የመከላከል አቅም በሌላት አይጥ ቆዳ ሥር ሲገባ በወጣው ዕብጠት ውስጥ ልም አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭና የአንጀት ሽፋን የሚመስል ሕብረ ህዋስ ተገኘ። በኅዳር 2007 ከአንዲት የ36 ዓመት ሴት የፊት ቆዳ የሰው አይፒኤስ ተሠራ። በዚያው ቀን ጄምስ ቶምሰንም በከፊል የተለዩ አራት ጂኖች ተጠቅመው ያንኑ ማድረጋቸውን አሳወቁ። በ2012 ያማናካና ገርደን የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

አራቱ ምን ሠሩ?

አራቱም ጂኖች የሚያሠሯቸው ፕሮቲኖች ክሩ ላይ ተቀምጠው ሌሎች ጂኖችን የሚያዝዙ ናቸው። አብዛኞቹ አዛዦች ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። በ2012 የኬኔት ዛሬት ቡድን ፊላደልፊያ ውስጥ እንዳሳየው ግን ኦክት4፣ ሶክስ2 እና ኬኤልኤፍ4 በቀሰም ላይ ተጠምጥሞ የተዘጋውንም ክር መያዝ ይችላሉ። ገብተው ይይዛሉ፤ ከዚያ ምልክት ለጣፊና ምልክት ነቃይ ኢንዛይሞችን ይጠራሉ። ሲ-ሚክ ሥራውን ያፋጥናል።

ለውጡ በአንድ ጀምበር አይሆንም። መጀመሪያ የአሮጌው ሥራ ጂኖች ይዘጋሉ፤ የግንደ ህዋሱ ጂኖች የሚከፈቱት ኋላ ነው። በመጨረሻ የህዋሱ የራሱ ኦክት4 እና ናኖግ ሜቲላቸው ተነቅሎ ሥራ ሲጀምሩ ህዋሱ ያለ ረዳት ይቆማል፤ በቫይረስ የገቡትን እንግዳ ጂኖች ራሱ በሜቲል ይዘጋቸዋል። አብዛኞቹ ህዋሳት ግን እዚህ አይደርሱም። በ2007ቱ የሰው ሙከራ ከ50 ሺህ ህዋሳት የወጡት አሥር ያህል መንጋዎች ነበሩ።

የደረሱትም ሁሉ ፍጹም አልነበሩም። የ2006ቱ የመጀመሪያ የአይጥ ህዋሳት ሲመረመሩ ናኖግና ኦክት4 አካባቢ የነበረው ሜቲል በከፊል ብቻ ተነሥቶ ተገኘ። መድኃኒቱን ማምለጥ ችለዋል፤ በሕይወት የሚወለድ አይጥ አካል መሆን ግን አልቻሉም። በሰኔ 2007 የያማናካ፣ የሩዶልፍ ዬኒሽ፣ እንዲሁም የካትሪን ፕላትና የኮንራድ ሆኸድሊንገር ቡድኖች የተሻለ የተመለሱ ህዋሳትን አሳተሙ። ከነዚህ ውስጥ የፕላትና የሆኸድሊንገር ማስረጃ ለኢፒጄኔቲክስ ልዩ ትርጉም አለው። እንስት አጥቢ በእያንዳንዱ ህዋሷ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ቢኖራትም አንዱ ከጽንስነቷ ጀምሮ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በአይጧ አይፒኤስ ውስጥ ይህ ክሮሞዞም ተመልሶ ተከፈተ። ህዋሱ እንደገና ሥራ ሲይዝም ከሁለቱ አንዱ እንደ አዲስ በዕጣ ተዘጋ። በሰው አይፒኤስ ግን የተዘጋው ኤክስ ብዙውን ጊዜ እንደተዘጋ እንደሚቀር የፕላት ቡድን በ2010 አሳይቷል።

በዚያው ዓመት የቦስተኑ የጆርጅ ዴሊ ቡድን ሌላ ነገር ደረሰበት። ከደም የተሠራ አይፒኤስ ተመልሶ ደም ለመሆን ይቀናዋል፤ ከተያያዥ ሕብረ ህዋስ የተሠራው ደግሞ ወደ አጥንት ያዘነብላል። የአሮጌው ሥራ ሜቲል በከፊል ቀርቶበታል። ህዋሱ ለረጅም ጊዜ ሲራባ ወይም በመድኃኒት ሲታገዝ ይህ ትዝታ እየደበዘዘ ይሄዳል።

መዘጋት ጥበቃም ነው

በ2007 ከተሻሉት አይፒኤስ ህዋሳት የተወለዱት አይጦች ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ውለው አድረው ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ዕጢ አወጡ። ምክንያቱ ተዘግቶ የነበረው በቫይረስ የገባ ሲ-ሚክ ተመልሶ መከፈቱ ነው፤ ሲ-ሚክ ካንሰርን በማባባስ የታወቀ ጂን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ ሲ-ሚክ፣ ቀጥሎም ጂኖቹ በዲኤንኤው ውስጥ ሳይተከሉ ሠርተው የሚወጡበት ዘዴ ተፈለሰፈ።

የበለጠ የሚያሳስበው ግን የኪዮቶው የያሱሂሮ ያማዳ ቡድን በ2014 ያሳተመው ነው። አራቱን ጂኖች በሕይወት ባለ አይጥ ሰውነት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ከፈቱና አቋረጧቸው። አይጦቹ የሕፃናት የኩላሊት ካንሰርን የሚመስል ዕጢ አወጡ። ካንሰር ዘወትር ከተበላሸ ጂን ጋር ይያያዛል፤ በዚህ ዕጢ ውስጥ ግን የተለመደው የጂን ብልሽት አልተገኘም። የተበላሸው ምልክቱ ነው፤ መንገድ ላይ የቀረ፣ አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ያልያዘ ህዋስ። ማረጋገጫውም አስደናቂ ነበር፤ የዕጢው ህዋሳት እስከ መጨረሻው ወደ አይፒኤስ ሲመለሱ ከእነርሱ ጤነኛ የኩላሊት ህዋስ ተገኘ።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የጉበት ህዋስ የነርቭን ጂን መዝጋቱ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነት አንድ ሆኖ የሚቆምበት ውል ነው። ሁሉን መሆን የሚችል ህዋስ በሳህን ላይ ሀብት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ግን ውሉን ያፈረሰ ህዋስ ነው፤ ዕጢ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በሕክምና የሚተከለው ህዋስ አይፒኤሱ ራሱ አይደለም። አይፒኤሱ መጀመሪያ የሚፈለገውን ሥራ እንዲይዝ ይደረጋል፣ ሳይለወጡ የቀሩት ተለቅመው ይወገዳሉ፣ ከዚያ ነው ወደ ታካሚው የሚሻገረው።

በዚህ ጠባብ መስመር ላይ መራመድ የሞከሩም አሉ። በ2016 የሳልክ ተቋም ተመራማሪዎች ያለ ዕድሜያቸው በሚያረጁ አይጦች ውስጥ አራቱን ጂኖች በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከፍተው አምስት ቀን ዘጓቸው። ህዋሳቱ ሥራቸውን አልጣሉም፣ የእርጅና ምልክታቸው ግን ቀነሰ፤ አይጦቹም ዕድሜያቸው በሲሶ ገደማ ረዘመ። ሁለት ቀን ያደሰውን ሰባት ቀን ሊገድለው መቻሉ የጉዳዩን ስሱነት ያሳያል።

ከሳህን ወደ ሰው

መስከረም 12 ቀን 2014 ኮቤ ውስጥ በማሳዮ ታካሃሺ ከሚመራው ምርምር የተገኘ የዓይን ጀርባ ሕብረ ህዋስ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ለምትገኝ አንዲት ሴት ተተከለ። ከራሷ ቆዳ በተሠራ አይፒኤስ የተገኘ ነበር። የተተከለው ሕብረ ህዋስ በቦታው ተይዞ ቆየ፤ ዕጢ አልወጣም፤ እይታዋም ባለበት ጸና። ለሁለተኛ ታካሚ የተዘጋጀው ህዋስ ግን ሲፈተሽ የጂን ለውጥ ስለተገኘበት ተከላው ቀረ። ለእያንዳንዱ ሰው ከራሱ መሥራት ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅም ኪዮቶ ለብዙዎች የሚስማሙ ለጋሾችን ህዋስ አስቀድሞ ማከማቸት ጀመረች። ይህ አካሄድ ለጃፓን ይመቻል፤ የሕዝቧ የመከላከያ ጂኖች ተቀራራቢ ስለሆኑ ጥቂት ለጋሾች ለብዙ ሰው ይበቃሉ። የጂን ስብጥሩ እጅግ ሰፊ በሆነው በአፍሪካ፣ በእኛም አገር፣ በጥቂት ለጋሾች ያንን ያህል ሕዝብ መሸፈን አይቻልም። ከአፍሪካውያን የተወሰዱ ህዋሳት በክምችቱ ካልገቡ ሕክምናው ሲደርስም ለእኛ የሚስማማው ሊጎድል ይችላል።

የኪዮቶው የጁን ታካሃሺ ቡድን ደግሞ በ2018 በፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ከአይፒኤስ የተሠሩ ዶፓሚን አመንጪ ህዋሳትን መትከል ጀመረ። ሚያዝያ 2025 በታተመው ውጤት ሰባቱ ታካሚዎች ለሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው ዕጢም ሌላ ከባድ ጉዳትም አልታየባቸውም፤ መድኃኒት ሳይወስዱ እንቅስቃሴያቸው ከተለካው ከስድስቱ አራቱ ተሽሏቸዋል። ሰባት ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በአንዲት ሳህን ላይ የተጀመረው ሥራ ሰው አንጎል ውስጥ ገብቶ ያለ ጉዳት እስከ መቆየት መድረሱ ትልቅ ርቀት ነው።

ይህን ርቀት ማወቅ ለአንባቢ ተግባራዊ ጥቅም አለው። ዛሬ በብዙ አገር «በስቴም ሴል (በግንደ ህዋስ) እናድናለን» የሚሉ የግል ክሊኒኮች ማስታወቂያቸውን በስልካችን ያደርሱናል፤ ቤት ሽጦ የሚሄድም አለ። ለደም ካንሰርና ለአንዳንድ የደም በሽታዎች የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለዓመታት የተፈተነ የግንደ ህዋስ ሕክምና ነው። ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛው ገና በሙከራ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ የሚሰጠኝ ህዋስ ከየት መጣ? ምን ሥራ ይዟል? ሥራ ያልያዙት መወገዳቸው በምን ተረጋገጠ? ከእኔ በፊት የወሰዱት ስንት ናቸው፣ ለስንት ዓመትስ ተከታተላችኋቸው? የኪዮቶዎቹ ሐኪሞች ሰባት ሰው ለማከም እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መመለስ ነበረባቸው። መልስ የሌለው ክሊኒክ የሚሸጠው ተስፋ ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።